ወንድሜን የሰረቅሁ ቀን

አስሊ ወንድሜን ልትወስደው እንደሆነ ከሰው ሁሉ ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነኝ። ሰባት ዓመቴ ነበር። እናቴ ነገሩ አልገባትም። አባቴ በአሮጌ ፊያቱ ከበርበራ ወደብ እስከ ኢትዮጵያ ጠረፍ፣ እስከ ውጫሌ ዱቄትና ሲሚንቶ ሲያመላልስ ይከርማል። ኢርፋን ደግሞ የሦስት ወር ሕፃን ስለነበር ከእሱ ምንም አይጠበቅም።

የምንኖረው ሀርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር የሚባል ሠፈር፣ አስሊ ግቢ ውስጥ በተከራየናት አንዲት ክፍል ነበር። ጦርነቱ ካለፈ ዓመታት ቢቆጠሩም ከተማዋ ገና ጣራዋን እየመለሰች ነው። የአስሊም ቤት ግማሹ ቆሟል፣ ግማሹ ወድቋል። በቆመው ግማሽ እሷና እኛ እንኖራለን፤ ጣራ በሌለው ግማሽ አንዲት ነጭ ድመት ትኖራለች። የፍርስራሹ በር በነበረበት ቦታ ላይ በቀይ ቀለም የተቀባ ድንጋይ ተቀምጧል። ትልልቆቹ “ከዚህ ያለፈ እግሩን ይዞ አይመለስም” ይላሉ። ድመቷ ግን አራቱንም እግሯን ይዛ ስትገባና ስትወጣ በየቀኑ አያታለሁ። ስለዚህ ክልከላው ለትልልቅ ሰዎች ብቻ ነው ብዬ ነበር።

ኢርፋን አይተኛም። ሃያ ደቂቃ ያሸልብና እንደተቆነጠጠ ሰው ባንኖ ይነሳል። ከአጥሩ ወዲያ ዱዓሌ የሚባል ግንበኛ አዲስ ቤት ያቆም ስለነበር ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ይመታል። መዶሻው አንዴ ባረፈ ቁጥር የወንድሜ ሁለት እጆች ወደ ላይ ይዘረጋሉ፤ ከዚያ ለቅሶው ይቀጥላል። እናቴ ታዝለዋለች፣ ታወርደዋለች፣ ታጠባዋለች፣ እንደገና ታዝለዋለች። እናቷም እህቶቿም ከሚሴ ናቸው፤ እዚህ ከእኔ በቀር ማንም የላትም፤ እኔ ደግሞ ሰባት ዓመቴ ነው።

በዚያ ሰሞን እማዬ ትንሽ ታስቀኝ ነበር። ሻይ ላይ ጨው ትጨምራለች። አንድ ጠዋት ፀጉሬን ግማሹን ሹሩባ ሠርታኝ ግማሹን ረሳችው፤ እኔም ደስ ብሎኝ እንዲያው ወደ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ሲስቅ አብሬው ሳቅሁ። ስመለስ በሩ ላይ ተቀምጣ አየችኝና “ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ?” አለችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ “አንቺ ነሻ!” ብዬ እንደገና ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

አስሊ ረጅም ናት፤ ፀጉሯን በሂና ታቀላዋለች፤ ስትራመድ ግቢው ሁሉ ይሰማታል። አማርኛ የተማረችው በስደት ዘመኗ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ሀርትሼክ መጠለያ ጣቢያ፣ ከሹፌሮችና ከጥበቃዎች ነው። ሁሉም ወንዶች ስለነበሩ ለእሷ አማርኛ የወንድ ቋንቋ ነው፤ እናቴን “አንተ” ነው የምትላት፤ እኔን “አንተ ልጅ” ትለኛለች፤ ድመቷን ሳይቀር “ና ብላ” ትላታለች። እኔ የአካባቢው ልጆች እንደሚሏት “ኤዶ” እላታለሁ፤ አክስቴ እንደ ማለት ነው። እወዳትም ነበር፤ ያን ቀትር እስካይ ድረስ።

ቀትር ላይ በራችን ላይ ቆሜያለሁ። እማዬ ኢርፋንን ከሰውነቷ አርቃ፣ በሁለት እጇ ትኩስ ድስት እንደያዘ ሰው ይዛው ግቢውን ስታቋርጥ አየሁ። አስሊ በሯ ላይ ወጣች። እማዬ አንድ ነገር ተናገረች፤ ከመዶሻው የተነሳ አልተሰማኝም። ወዲያው የአስሊ እጆች ተወርውረው ወንድሜን ለቀም አደረጉት። እማዬ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ምን እንዳየሁ አልተጠራጠርኩም፤ አስሊ ነጥቃታለች፤ እናቴም ስትነጠቅ ወድቃለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ በየዕለቱ ከዙሁር ሰላት በኋላ አስሊ እጇን ዘርግታ በራችን ላይ ትቆማለች።

“ስጠኝ!”

እማዬም ትሰጣታለች። አስሊ ይዛው ትገባና በሯን ትዘጋለች፤ እማዬ ፍራሹ ላይ ትወድቅና እንደ ድንጋይ ትተኛለች። እኔ በአስሊ በር ስንጥቅ አጮልቃለሁ። ሴትየዋ መስኮቷን በጨርቅ ጋርዳ፣ የወንድሜን እግር በሰሊጥ ዘይት አሽታ፣ ምንጣፍ ላይ ታስተኛዋለች። ከዚያ ከሰል ታነሳና ግድግዳው ላይ መስመር ታሰምራለች። አንዳንዱ መስመር አጭር ነው፤ አንዳንዱ ረጅም። በየቀኑ ይጨምራል። እስረኛ ቀኑን በግድግዳ ላይ ይቆጥራል ሲባል ሰምቼ ስለነበር ወንድሜን ጠቅልላ የምትወስድበትን ቀን እየቆጠረች እንደሆነ ገባኝ።

ዛሬ እናቴ ሕፃን የማስተኛት ሙያ ይዛለች፤ የደንበኞቿን መዝገብ ኮምፒዩተር ላይ የምሞላላት እኔ ነኝ። ሕፃኑ ስንት ሰዓት ተኛ፣ ስንት ሰዓት ነቃ፣ ስንት ጊዜ ባነነ። አስሊ ማንበብና መጻፍ ስለማትችል መዝገቧ ግድግዳው ነበር፤ አጭሩ መስመር አጭር እንቅልፍ፣ ረጅሙ ረጅም እንቅልፍ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ረጃጅሞቹ በርክተው ነበር። እኔ ግን መስመሩ በረዘመ ቁጥር ቀኑ የቀረበ መስሎኝ እንቅልፍ አጣሁ።

ሌላም ማስረጃ ነበረኝ። የእማዬ የአገር ልጅ ኡምሰልማ ገበያ ልብስ ትሸጣለች፤ አንድ ቀን ልትጠይቀን መጥታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስታወራ ሰማሁ።

“ሀሲና፣ እውነት ነው ልጁን ለሴትየዋ የምትሰጪያት?”

“እሰጣታለሁ።”

“ያ ረቢ! ልጆቿ እኮ ድንኳን ውስጥ ቀርተውባታል ይባላል። ምን ብለሽ ነው የምታምኚያት?”

“ከራሴ አብልጬ አምናታለሁ” አለች እማዬ። “ተይ አሁን፤ ልጅቷ ትሰማለች።”

ልጅቷ ሰምታለች። አስሊ ልጆቿን ድንኳን ውስጥ ረስታቸዋለች! እኔ አንዴ ነጠላ ጫማዬን ሚኒባስ ውስጥ ረስቼ ተገርፌያለሁ፤ እሷ ልጆቿን ረስታ ማንም አልገረፋትም፤ አሁን የእኛን ልትወስድ ነው።

ሁለት ነበሩ። ኩፍኝ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱንም ወሰደባት። ከዚያ በኋላ መጠለያ ጣቢያው ውስጥ እናት የሌላቸው ሕፃናት የሚያድሩበትን ድንኳን አራት ዓመት ጠብቃለች፤ ሠላሳ፣ አርባ ልጅ ታስተኛ ነበር። ይህን የሰማሁት አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ነው፤ ከእሷ ከራሷ፣ ባቄላ እየለቀምን፣ ባቄላውን መልቀሟን ሳታቋርጥ።

በመጨረሻ አባቴ መጣ። አርብ ቀን ነው። ታጁ የሚባለው አባቴ ቤት ሲገባ መጀመሪያ እኔን ወደ ጣራ ወርውሮ የሚቀልብ ሰው ነበር፤ ያን ቀን አልወረወረኝም። እማዬን ብዙ አያት። ከዚያ ደጃፍ ላይ ሲያወሩ አንድ ነገር ጆሮዬ ገባ።

“እስከ እሑድ ድረስ አስሊ ትያዘው። እሑድ ሁሉም ነገር ያልቃል፤ አብሽሪ።”

ነገሩ ከከሚሴ የተነሳችውን የእማዬን እህት እሑድ ከውጫሌ ሊያመጣላት ኖሯል፤ አክስቴም መጥታ ከእኛ ጋር ሦስት ወር ተቀምጣለች። እኔ የሰማሁት ግን “ያልቃል” የሚለውን ነው። አባቴ በማግስቱ ንጋት ላይ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ስለዚህ የቀረኝ ቅዳሜ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ከዙሁር በኋላ እማዬ ተኝታለች። ኢርፋን አስሊ ክፍል ውስጥ ነው። መዶሻው ድንገት እንደገና ጀመረ፤ አስሊ ከክፍሏ ወጥታ እጇን እያወናጨፈች በአጥሩ በር ወደ ዱዓሌ ሄደች። ጩኸቷ ይሰማኛል፤ በሶማሊኛ ነው፤ ሕፃን ሕፃን የሚል ቃል አለበት። ጊዜ አላጠፋሁም።

ገባሁ። ኢርፋን ምንጣፉ ላይ በጀርባው ተኝቶ ዓይኑን ከፍቶ ያየኛል። አነሳሁት። ከጠበቅሁት በላይ ከባድ ነበር፤ ዘይት ዘይት ይሸታል። ወደ መንገድ እንዳልወጣ አስሊ እዚያ አለች፤ ወደ ክፍላችን እንዳልገባ መጀመሪያ የሚፈለገው እዚያ ነው። ትልልቅ ሰዎች የማይገቡበት አንድ ቦታ ብቻ አውቃለሁ። ቀዩን ድንጋይ ዘልዬ አለፍኩ።

ውስጡ የሚያምር ቤት ነበር። ወለሉ ነጭና ጥቁር ንጣፍ ነው፤ አንደኛው ግድግዳ አረንጓዴ ቀለሙ አልለቀቀም፤ ጥይት የበሳው ቀዳዳ ሁሉ የፀሐይ ብርሃን ያስገባል። ድመቷ አየችን፤ አልተነሳችም። ጥላው ሥር ተቀምጬ ወንድሜን ጭኔ ላይ አደረግሁት። ማልቀስ ሲጀምር ምን እንደምልለት ጠፋኝ። እሹሩሩ እንዳልል ግጥሙን አላውቀውም። አባቴ የሚያልፍባቸውን ከተሞች ግን አውቃቸዋለሁ፤ ስለዚህ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ መኪናው ዳገት ላይ እንደሚያዘግመው ቀስ እያልኩ ቆጠርኩለት፦ በርበራ… ሀርጌሳ… ገቢሌ… ውጫሌ። ከዚያ ስመለስ፦ ውጫሌ… ገቢሌ… ሀርጌሳ… በርበራ። ስንት ጊዜ እንደተመላለስን አላውቅም። አራተኛው ወይ አምስተኛው ምልልስ ላይ የኢርፋን ቡጢ ተከፈተ።

መጀመሪያ የአስሊ ጩኸት ተሰማ። ከዚያ መዶሻው ዝም አለ። ሰው ይሮጣል፣ ባልዲ ይወድቃል፣ ስሜን ይጠራሉ። ድምፄን አጠፋሁ። ድመቷ ግን ከዳችን፤ ተነስታ እየተንጠራራች ወደ በሩ ሄደች፤ ዱዓሌ እሷን ሲያይ እኔን አየ። ቀዩ ድንጋይ ጋ ደርሶ እንደተቸነከረ ቆመ። ከኋላው ጎረቤቶች መጡ፤ እነሱም ቆሙ። ለምን እንደማይመጡ አልገባኝም፤ ክልከላው እውነትም ለትልልቅ ሰዎች ነው ማለት ነው ብዬ ትንሽ ኮራሁ።

እማዬ በመሃላቸው ወጣች። ባዶ እግሯን ነበረች፤ ሻሿ ወልቋል።

“አትግባ!” አለች አስሊ ክንዷን ይዛ። “ሀሲና፣ አትግባ! ፈንጂ! ሰው እናምጣ፣ የሚያውቅ ሰው!”

እናቴ ክንዷን አስለቀቀች። ድንጋዩን አልፋ ገባች።

ፈንጂ አምካኞቹ ያን ክፍል የፈተሹት ከዓመት በኋላ ነው፤ ከተዘጋ የሳርዲን ቆርቆሮ በቀር ምንም አላገኙበትም። ያን ቅዳሜ ግን ይህን የሚያውቅ አንድም ሰው ግቢው ውስጥ አልነበረም።

አልሮጠችም። ዓይኗን ከእኔ ላይ ሳታነሳ፣ እግሯን በየንጣፉ ላይ እያሳረፈች መጣች።

“ፋሪዳ፣ ካለሽበት እንዳትንቀሳቀሺ፣ የኔ እናት።”

አጠገቤ ስትደርስ ቁጭ አለች። ወንድሜን አየችው። ከዚያ በሹክሹክታ፣

“ተኝቷል?” አለችኝ።

“ተኝቷል።”

“ማን አስተኛው?”

“እኔ ነኛ።”

“ለምን እዚህ አመጣሽው?”

“ነገ እሑድ ስለሆነ” አልኩ፤ ይህን የማያውቅ ሰው መኖሩ እያናደደኝ። “አስሊ ልትወስደው ነው። አንቺም ሰጥተሻታል።”

እናቴ ሁለት እጇን ዘረጋች፤ ለሳምንታት እንደዚያ ስትዘረጋቸው አላየሁም። ኢርፋንን ተቀብላ ወደ አንገቷ አስጠጋችው፤ አሸተተችው፤ ደጋግማ አሸተተችው። ትንሽ ነገር ሲሸታት የምትቆጣው እናቴ የሰሊጥ ዘይቱን ሽታ እንደ ሽቶ ሳበችው።

“ማንም አይወስደውም” አለች። “የእኔ ነው። በይ፣ እግሬ በረገጠበት እየረገጥሽ ተከተይኝ።”

ስንወጣ አስሊ መሬት ላይ ተቀምጣ ሁለት እጇን አናቷ ላይ አድርጋ ነበር። ተነሳችና ጆሮዬን ያዘችው፤ ጠምዝዛ ጠምዝዛ፣ ያንኑ ጆሮ ሳመችው።

“አንተ ሌባ!” አለችኝ እያለቀሰች። “አንተ ትንሽ ሌባ!”

ዱዓሌ ልቡ ቀጥ ብላ እንደነበር ለሠፈሩ ሁሉ ሲያወራ ከረመ። ለማንኛውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዙሁር እስከ ዐስር ሰላት መዶሻ አያነሳም፤ ሠራተኞቹም ግንቡ ጥላ ሥር ተኝተው ያንኮራፋሉ።

እሑድ አክስቴ መጣች እንጂ ማንም ኢርፋንን አልወሰደውም። እኔ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። ሰኞ አስሊ መጣች፤ ያን ቀን ግን እጇን አልዘረጋችም፤ ምንጣፏን ተሸክማ ነው የመጣችው። እኛ ክፍል ውስጥ ዘረጋችውና እኔን አየችኝ።

“እዚህ ነው የማስተኛው። አንተ ቁጭ ብለህ እየኝ።”

ቁጭ ብዬ አየኋት። እናቴም አየች። መስኮቱን እንዴት እንደምትጋርድ፣ የምታስተኛው ሕፃኑ ዓይኑን ማሸት ሲጀምር እንጂ አልቅሶ ሲያበቃ እንዳልሆነ፣ ሲንቀሳቀስ ወዲያው ከማንሳት በፊት እንዴት ጆሮዋን እንደምታዘነብል። “ስማ” ትላታለች እናቴን፤ “ይሄ ለቅሶ አይደለም። ይሄ ወሬ ነው።” ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እናቴ ራሷ ታስተኛው ጀመር፤ አስሊ አጠገቧ ተጋድማ ቀድማ ትተኛ ነበር። በእኛም ግድግዳ ላይ የከሰል መስመር ተሰመረ። የቀረውን ግማሽ ፀጉሬንም በዚያው ሰሞን ተሠራሁ።

ከዚያ ሸዋርካብሽ መጣች፤ መንታ ወልዳ ምግብ ቤቷን የዘጋች የሸዋ ሴት። እናቴ በየቀኑ ቀትር ላይ ሄዳ ሁለቱን በየተራ አስተኛችላት፤ ቀጥላ እሷን አስተማረቻት። ሸዋርካብሽ ለሌላዋ ነገረች፤ ሌላዋ ለሌላዋ። ከውጭ አገር የተመለሱ የሶማሌ ሴቶችም ሰምተው መጡ። ክሊኒክ ያለች አንዲት ነርስ በክትባት ቀን እናቶቹን እንድታነጋግር ትጠራት ጀመር። እናቴ አርባ ስድስት ዓመት ሲሞላት በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት ወሰደች፤ እንግሊዝኛውን እየተረጎምኩላት ስምንት ወር ፈጀን። የምስክር ወረቀቱ ላይ “ስሊፕ ኮች” ይላል፤ የእንቅልፍ አሰልጣኝ ማለት ነው። አባቴ አንገቱን ነቅንቆ፣ “ሃያ ዓመት በርበራ መንገድ ላይ ስነዳ አንድ ቀን እንኳ ያስተኛኝ የለም፤ ለካ ባለሙያ ቤቴ ነበረች!” አለ። ዛሬ ከጂዳም ከናይሮቢም የሐበሻ እናቶች በስልክ ድምፃቸውን ይልኩላታል፤ ሰምታ ሰምታ፣ ስለ ሕፃኑ ከመናገሯ በፊት ስለ እናቲቱ ትጠይቃለች። ኢርፋን ከእሷ ቁመት አልፎ በር ላይ ጎንበስ ብሎ ይገባል፤ ከተኛ ደግሞ የሚቀሰቅሰው የለም።

ባለፈው ዓመት እኔ ሂባን ወለድኩ። እዚሁ ሀርጌሳ፣ መሐመድ ሞጌ ሠፈር ነው የምንኖረው፤ ባለቤቴ የሱፍ ሐዋላ ቤት ስለሚሠራ ጠዋት ወጥቶ አመሻሽ ላይ ይመለሳል። “አንቺማ ምን ችግር አለብሽ፣ የእንቅልፍ አሰልጣኝ ልጅ!” ያላለኝ የለም። ዘዴውን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ ተርጉሜዋለሁ። ሂባ ግን አትተኛም። ሁለተኛው ወር ላይ እናቴ ስትደውል “ደህና ነን” እላታለሁ። አንድ ቀትር ላይ “ደህና ነን፣ ደህና ነን” ብዬ ደገምኩት መሰለኝ፤ ሳትሰናበተኝ ስልኩን ዘጋችው። ያን ቀን ሦስት እናቶች ይጠብቋት ነበር። ሁሉንም ለነገ ብላ በባጃጅ መጣች።

ሂባ መኝታ ቤት ታለቅሳለች። እኔ ሳሎን ወለሉ ላይ፣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ተቀምጫለሁ። እናቴ ወደ ሕፃኗ ትሄዳለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ጫማዋን አውልቃ አጠገቤ ተቀመጠች።

“እማ” አልኳት። “ልጄን ማየት አስጠላኝ። ያልነገርኩሽ አፍሬ ነው።”

እጄን ይዛ፣

“ኢርፋንን ለአስሊ ስሰጣት አይተሽን ነበር፤ አይደል?” አለች። “መጀመሪያ ቀን።”

“ስትነጥቅሽ አይቻለሁ።”

“አልነጠቀችኝም። በሯ ድረስ የሄድኩት እኔ ነኝ። ‘ውሰጂልኝ፤ እጄን ፈራሁት’ አልኳት። ከዚያ በላይ አትጠይቂኝ፤ እሷም አልጠየቀችኝም።”

ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ ስተርከው የኖርኩት ታሪክ ውስጤ ተገለበጠ። እኔ ከአስሊ ላድነው ስሮጥ፣ አስሊ ከማን ስታድነው እንደነበር።

“አንቺ ይዘሽው ስትጠፊ” አለች እናቴ፣ “ወደዚያ ፍርስራሽ ስገባ ፈንጂውን ለራሴ አልፈራሁትም። ወጥቼ ዱዓሌ ሲንቀጠቀጥ ሳይ ነው የፈራሁት። ያን ጊዜ ነው ‘ለካ እናቱ ነኝ’ ያልኩት። ለልጄ ይህን መናገር ሳልችል፣ ላላየኋት ሴት በስልክ ‘አይዞሽ፣ ብቻሽን አይደለሽም’ እያልኩ ኖርኩ።”

ሂባ ታለቅሳለች። እናቴ ወደ መኝታ ቤቱ በር ዞር አለች፤ አልተነሳችም። የስንቱን ቤት ሕፃን ሳትፈራ ያቀፈች ሴት፣ እንደ ጥፋተኛ ልጅ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ አየችኝ።

“አሁን ስታውቂው” አለች፣ “ፈራሽኝ?”

ተነሳሁ። ሂባን ከአልጋዋ አንስቼ፣ ያለቀሰችበትን ፊቷን በመዳፌ ጠረግሁላት። አምጥቼ እናቴ ጭን ላይ አስቀመጥኳት። ከዚያ መኝታ ቤት ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ ተኛሁ።